ልጆችን ይዘን ወደ አቪዬሽን ሙዚየም ስንሄድ ምን እናሳያቸው?

(አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ለወላጆችና ለመምህራን የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተሰናዳ)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ውድ መምህራን፤

የዛሬው ርእሳችን የቤተሰብ የእረፍት ቀን ነው፤ ይኸውም አንድ ቤተሰብ አያቱን፣ ወላጁንና ልጁን ይዞ ወደ አቪዬሽን ሙዚየም ወይም አሮጌ አውሮፕላን ለዕይታ ወደቆመበት ስፍራ ሲሄድ ቀኑን እንዴት ቢያሳልፈው ይጠቀምበታል የሚለው ጥያቄ ነው። የሥራ ዘመኔን በአውሮፕላን ጥገና ሃንጋር ውስጥ አሳልፌ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ብዙ ቤተሰቦች አውሮፕላን ሲጎበኙ በቅርብ የማየት ዕድል ገጥሞኛል፤ ያየሁትም ነገር ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ልጁ ይሮጣል፤ አባት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል፤ እናት «ተው፣ አትንካ» ትላለች፤ አያት ጥግ ይዘው መቀመጫ ይፈልጋሉ፤ ጥቂት ቆይቶም ሁሉም ወደሚቀጥለው አውሮፕላን ይሻገራል። ልጁ ማታ ቤት ሲገባ «ትልቅ አውሮፕላን አየሁ» ይላል። ትልቅነቱን ለማየት ግን ሙዚየም መሄድ አያስፈልገውም ነበር፤ ቦሌ አካባቢ ቆሞ ቀና ቢል ያየው ነበር።

ሙዚየም ውስጥ የቆመ አውሮፕላን በሰማይ ከሚያልፈው የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ የሠሩትንና ሲጠግኑ ያኖሩትን ሰዎች የእጅ ሥራ ቀርበን እንድናይ መፍቀዱ ነው። በሰማይ የሚያልፈው አውሮፕላን ለልጁ ተአምር ነው። መሬት ላይ የቆመው ግን ብሎኑ ይታያል፤ የተጣፈው ቦታ ይታያል፤ ቀለሙ የተላጠበትና እንደገና የተቀባበት ይታያል፤ ይህን ያየ ልጅ ነገሩ በሰው የተሠራ፣ እርሱም አድጎ ሊሠራው የሚችል ሥራ መሆኑን ይረዳል። ስለዚህ ለወላጆች የማቀርበው ሐሳብ በአንድ ቀን አንድ አውሮፕላን፣ ቢበዛ ሁለት፣ በእርጋታ እንድታሳዩ ነው። የቀሩት ለሌላ ቀን ይቆዩ።

የምጠቅሳቸው ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካላልኩ በቀር በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ከፀሐይ ልጀምር። ፀሐይ የጣሊያን ጦር በመስከረም 1928 ድንበር ጥሶ ከገባ በኋላ፣ ሀገሪቱ በጦርነት ውስጥ እያለች፣ በጀርመናዊው መሐንዲስና አብራሪ በሉድቪግ ቬበር መሪነትና በኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ እጅ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራች አውሮፕላን ናት። ስሟ የተሰጣት በልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ስም ነው። ልዕልቲቱን ልጆቻችሁ ላያውቋት ስለሚችሉ ከአውሮፕላኗ ጋር አያይዛችሁ ብታስተዋውቋቸው መልካም ነው፤ በስደት ዘመን እንግሊዝ አገር የነርስነት ሙያ ተምራ ወደ ሀገሯ ከተመለሰች በኋላ በ1934 ነቀምት ላይ በወጣትነቷ ያረፈች፣ ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ሆስፒታልም በመታሰቢያነት በስሟ የተቋቋመላት ሴት ናት። የልጅ ልጄ ይህን ከሰማች በኋላ በጦር ኃይሎች በኩል ባለፍን ቁጥር አውሮፕላኗን ታነሳለች፤ ሙዚየም ከግቢው ውጭ ወዳለው ከተማ የሚዘልቀው በእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ነው።

ጣሊያኖች በሚያዝያ 1928 አዲስ አበባ ሲገቡ ፀሐይ በእጃቸው ወደቀች፤ ወደ ጣሊያንም ተወሰደች፤ ከዚያም በሮም አቅራቢያ በብራቺያኖ ሐይቅ ዳር፣ ቪኛ ዲ ቫሌ በተባለው ቦታ በሚገኘው የጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ለብዙ ዓመታት ቆየች። ለኢትዮጵያ የተመለሰችው ጥር 21 ቀን 2016 ነው። በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ ተሠርታ በዚያው ዓመት ተማርካ ከ88 ዓመት በኋላ የተመለሰች መሆኗን ለልጅ ስንነግር፣ ቁጥሩን በቤተሰቡ ዕድሜ እንዲለካው ብናደርግ ይገባዋል። «ፀሐይ ስትወሰድ የአያትህ እናት ስንት ዓመቷ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ሒሳቡን ራሱ ይሥራ፤ ካልተቻለውም አያቱን ይጠይቅ።

ይህ ሁሉ ታሪክ ነው፤ መነገርም አለበት። ሆኖም ብዙ አስጎብኚዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ የመወሰዷንና የመመለሷን ነገር ተናግረው ስለመሠራቷ ሳያነሱ ያልፋሉ። ለእኔ ትልቁ ጉዳይ መሠራቷ ነው። አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን መሥራት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ስለሆነች አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየር ሲሳሳ ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይደክማሉ፤ ሞተሩ ነዳጁን የሚያቃጥልበት አየር ስለሚያንሰው ኃይሉ ይቀንሳል፤ ፕሮፔለሩ ወደ ኋላ የሚገፋው አየር ስለሚሳሳ ስቦቱ ይዳከማል፤ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። በባሕር ዳርቻ ሜዳ በቀላሉ የሚነሳ ትንሽ አውሮፕላን እዚህ ረጅም መንደርደሪያ የሚፈልገውና አንዳንዴም ጨርሶ የማይነሳው በዚህ ምክንያት ነው። የቦሌ መንደርደሪያ ወደ 3,800 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት የተሰጠውም በከፊል ከዚሁ የተነሳ ነው። ፀሐይን የሠሩት ሰዎች ይህን አየር ይዘው ነው የሠሩት፤ ያውም የመለዋወጫ ዕቃ እንደልብ በማይገኝበት በጦርነት ወቅት።

የዚያ ዘመን ቀላል አውሮፕላኖች አጽማቸው ከእንጨት ወይም ከቀጭን የብረት ቱቦ፣ ልባሳቸው ደግሞ ከጨርቅ ነበር። ጨርቁ በአጽሙ ላይ ተወጥሮ ይሰፋል፤ ከዚያም እየደረቀ ሲሄድ በሚሰበሰብና በሚጠነክር ልዩ ቅብ ደጋግሞ ይቀባል። ይህ ሥራ የአናጢ፣ የብየዳ ባለሙያ፣ የልብስ ሰፊና የቀለም ቀቢ እጅ ይፈልጋል። እነዚህ ሙያዎች በሙሉ ዛሬ መርካቶ ውስጥ አሉ፤ ልጆቻችሁም በየቀኑ ያልፉባቸዋል። አናጢና ልብስ ሰፊ ተባብረው አውሮፕላን እንደሠሩ የሰማ ልጅ መርካቶን በሌላ ዓይን ያያል፤ በአውሮፕላን ቴክኖሎጂና በእጅ ሙያ መካከል ያለ የመሰለው ግንብም ይፈርስለታል። የዚህን ትምህርት ያህል ዋጋ ያለው ነገር በአንድ የሙዚየም ቀን ውስጥ ልታገኙ የምትችሉ አይመስለኝም።

በፀሐይም ሆነ በሌላ አሮጌ አውሮፕላን ፊት ስትቆሙ ልጁን ሥራ ስጡት። የሞተሩን ሲሊንደሮች ይቁጠር። የክንፉን ደጋፊ ዘንጎች ከየት ተነስተው የት እንደሚያርፉ በዓይኑ ይከተል። ከአብራሪው መቀመጫ የሚነሱት ገመዶች ወደ ጭራው የት እንደሚደርሱ ይፈልግ፤ ምክንያቱም አብራሪው በእጁና በእግሩ የሚያዛቸው፣ በክንፉ ላይ ኤሌሮን፣ በጭራው ላይ ኤሌቬተርና ራደር የተባሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች በዚያ ዘመን የሚታዘዙት በገመድ ነበርና። ደብተርና እርሳስ ይዞ አንድ ክፍል ብቻ መርጦ ይሣል፤ ጎማውን ብቻ፣ ወይም ፕሮፔለሩን ብቻ። የሚሥል ልጅ በስልክ ፎቶ ከሚያነሳው ይልቅ ያያል፤ ምክንያቱም መስመሩን ለማስመር ነገሩ ከነገሩ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል።

ሌላም ልጆች እንዲፈልጉት የምመክረው ነገር አለ። በሞተርና በፕሮፔለር አካባቢ ያሉ ብሎኖችን ቀርባችሁ ብትመለከቱ ከአንዱ ብሎን ራስ ወደ ሌላው የተገመደ ቀጭን ሽቦ ታያላችሁ። ሴፍቲ ዋየር እንለዋለን። ሞተር ሲሠራ ስለሚንቀጠቀጥ ብሎን ቀስ በቀስ ሊላላ ይችላል፤ ሽቦው ግን አንዱ ብሎን ሊፈታ ሲሞክር ሌላውን ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ እንዲስበው ተደርጎ ይታሰራል። አቅጣጫው ከተሳሳተ ሽቦው ኖሮም እንዳልኖረ ነው። ጀማሪ መካኒክ ከሚማራቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ይህ ሲሆን፣ አሠሪው ቀርቦ ሳያይለት አይታለፍም። በእኛ ሙያ የተሠራ ሥራ ሁሉ ይመዘገባል፤ የሠራው ሰው ይፈርምበታል፤ ወሳኝ በሆኑት ላይ ደግሞ ሁለተኛ ሰው መርምሮ ይፈርማል። እያንዳንዱ በረራ በብዙ ሰዎች ፊርማ ላይ የቆመ ነው። ይህንን ለአሥር ዓመት ልጅ መንገር ይቻላል፤ ነግሬም አይቻለሁ፤ ዓይናቸው ወዲያው ሌሎቹን ሽቦዎች ፍለጋ ይሄዳል።

ከፀሐይ በፊት የነበረውን በአጭሩ ላንሳ። በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያው አውሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 በፈረንሳዊው አብራሪ በአንድሬ ማዬ እየተነዳ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ የደረሰው ፖቴዝ 25 ነው። ከአንድ ዓመት ጥቂት ከፍ ባለ ጊዜ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1930፣ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የአብራሪነት ፈቃድ አገኙ። ሙሉእመቤት እምሩም ከወረራው በፊት የበረራ ትምህርት የጀመሩ ሴት ናቸው፤ ሴት ልጅ ይዛችሁ ስትሄዱ ይህን ስም አትርሱት። በወረራው ዋዜማ ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ መጥቶ በጦርነቱ ጊዜ አነስተኛውን የኢትዮጵያ አየር ኃይል መርቷል፤ ከድል በኋላም ተመልሶ ኢትዮጵያውያንን ሲያሠለጥን ኖሮ በ1946 በአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አልፎ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ተቀብሯል። እዚህ አዳራሽ ያለን ሰዎች ወደ ስድስት ኪሎ ወጣ ብንል ጃን ሜዳን እናገኛለን፤ በዚያ ዘመን አውሮፕላን ያረፈበት ሜዳ ነው። የቤተሰቡን ቀን እግር ለማፍታታት በጃን ሜዳ መጨረስ ይቻላል።

አሁን ስለ አያቶች ልናገር። በሙዚየም ውስጥ አያት የሚሰጣቸው ቦታ መቀመጫ ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በእኛ ሀገር የአቪዬሽን ታሪክ ከፍተኛው ክፍል የተጻፈው በእነርሱ ትዝታ ላይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ታህሳስ 12 ቀን 1938፣ ከአሜሪካው አየር መንገድ ከቲ ደብሊው ኤ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። የመጀመሪያው መደበኛ በረራ ደግሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ። አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ሲ 47 የተባሉ የጦር ማመላለሻዎች ነበሩ፤ ሕዝቡ ዳኮታ ይላቸዋል። ለወታደርና ለዕቃ የተሠሩ ስለነበሩ መቀመጫዎቻቸው በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ የተዘረጉ አግዳሚዎች ነበሩ፤ መንገደኛው ፊት ለፊት እየተያየ፣ ጭነቱም መሐል ላይ ታስሮ ይጓዝ ነበር። መንገድ ወዳልገባባቸው ሥፍራዎች ሰው፣ ቡና፣ ቆዳና መድኃኒት ያመላለሱት እነዚህ ናቸው። ማረፊያቸውም ልደታ ነበር፤ ዛሬ ኦልድ ኤርፖርት ብለን የምንጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

አንድ ዕሑድ እናቴን ይዘን ዳኮታ ፊት ቆመን ሳለ፣ ከልጆቹ አንዱ «እማማ፣ አንቺ በዚህ ሄደሽ ታውቂያለሽ?» ሲል ጠየቃት። እናቴ ከጅማ አዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችው በዳኮታ ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ ወለሉ ወደ ፊት ሽቅብ የሆነ መስሎ እንደታያት፣ ነጠላዋን ጥርሷ ላይ ነክሳ እንደወጣች፣ አጠገቧ የተቀመጡት አንድ አባት ከመነሳት እስከ ማረፍ ዳዊት ሲደግሙ እንደነበር ነገረችን። ወለሉ ሽቅብ የሆነው አውሮፕላኑ ሦስተኛ ጎማው ጭራው ሥር ስለሆነ መሬት ላይ ሲቆም አፍንጫው ወደ ላይ ስለሚያቀና ነው። ልጁ ወዲያው ዞሮ ጭራው ሥር ያለችውን ትንሽ ጎማ አየ። እኔ ለዓመታት በሙያ የማውቀውን ነገር እናቴ በእግሯ ታውቀው እንደነበር በዚያች ቅጽበት ነው የተረዳሁት፤ ከዚያ ወዲህ ቤተሰቦችን ባገኘሁ ቁጥር «ከመሄዳችሁ በፊት አያትን ጠይቁ፣ በደረሳችሁም ጊዜ አስጎብኚው እሳቸው ይሁኑ» እላለሁ።

የጄት ዘመንን ልጆች በራሳቸው ስለሚወዱት ብዙ አላቆያችሁም። የልደታ ሜዳ ለጄት ስለማይበቃ ቦሌ ተሠራ፤ ቦይንግ 720 በ1955 መጥቶ አዲስ አበባን ከአውሮፓ ጋር በጄት አገናኘ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገድ ካፒቴን ሆኑ፤ እስከ እ.ኤ.አ. 1971 ድረስ አሜሪካውያን ሲመሩት የነበረውን አየር መንገድም ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ ተረከቡት። ግንቦት 24 ቀን 1976 አዲስ የተገዛው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስቶ የትም ሳያርፍ 12,082 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በዘመኑ ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ያልደፈረውን ርቀት ነው የሸፈነው። በ2003 አምሳለ ጓሉ የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች፤ በ2008 ደግሞ ሁሉም ሠራተኞቹ ሴቶች የሆኑበት በረራ ከአዲስ አበባ ባንኮክ ደረሰ። በዚህ የባንኮክ በረራ ላይ ትኩረት እንድታደርጉ የምፈልገው ከበረራ ክፍሉ ይልቅ ከበታቹ ያሉትን ነው፤ አውሮፕላኑን ለበረራ ያዘጋጁት የመሬት ሠራተኞችም ሴቶች ነበሩ።

ልጁ ሙዚየም ውስጥ የሚያነሳው ዋነኛ ጥያቄ «እንዴት ነው የሚበረው?» የሚለው ነው፤ ወላጆች የሚመልሱት መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትክክል አይደለም። ከክንፉ በላይ የሚያልፈው አየር ረዘም ያለ መንገድ ስላለው ከበታቹ ካለው ጋር እኩል ለመድረስ ይፈጥናል የሚል ማብራሪያ በመማሪያ መጻሕፍት ሳይቀር ይገኛል። ከላይና ከታች የሚያልፉት አየሮች ግን እኩል እንዲደርሱ የሚያስገድዳቸው ምንም ሕግ የለም፤ በሙከራም ሲታይ የላዩ ቀድሞ ይደርሳል። ለልጅ የሚበቃው እውነተኛ መልስ ክንፉ አየሩን ወደ ታች ይገፋዋል፣ አየሩም ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል የሚለው ነው። ይህን በእጁ ሊሞክረው ይችላል። ወደ ቤት ስትመለሱ የመኪናውን መስኮት ከፈት አድርጋችሁ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን አይታችሁ፣ መዳፉን በዝግታ ዘንበል ያድርገው፤ እጁ ወደ ላይ ሲነሳ ይሰማዋል፤ ዘንባላውን ሲያበዛው ደግሞ መነሳቱ ቀርቶ ወደ ኋላ ብቻ ይገፋበታል። አብራሪዎች እጅግ የሚጠነቀቁለት ነገር ይኸው ሁለተኛው ነው።

የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1903 ያደረጉት የመጀመሪያ በረራ 12 ሰከንድ ብቻ ቆይቶ 36 ሜትር ተኩል ያህል ነበር የተጓዘው። መስቀል አደባባይ ስትደርሱ ልጁ ይህን ርቀት በእርምጃው ይለካ። ከዚያም የዛሬው ቦይንግ 787 ራሱ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ከ56 ሜትር በላይ መሆኑን ንገሩት፤ የመጀመሪያው በረራ በዚህ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ተጀምሮ ሊያልቅ ይችል ነበር ማለት ነው። የዚያን አውሮፕላን ሞተር የሠራው ደግሞ በወንድማማቾቹ የብስክሌት መጠገኛ ቤት የሚሠራ ቻርሊ ቴይለር የተባለ መካኒክ ነው፤ ስድስት ሳምንት ያህል ፈጀበት። ዓለም የራይትን ስም ያውቃል። የቴይለርን ስም የምናውቀው አብዛኞቻችን በሙያው ውስጥ ያለን ነን።

አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል፤ እርሱንም ሳላነሳው ብወርድ ይህ ንግግር ሙሉ አይሆንም። ልጆች «አውሮፕላን ይወድቃል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። በዚህች ከተማ ደግሞ ጥያቄው ከሌላ ቦታ ይልቅ ቅርብ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው በረራ ቁጥር 302 ከስድስት ደቂቃ በኋላ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። በዚህ አዳራሽ ውስጥም ዘመድ ወይም ወዳጅ ያጣ ሰው ሊኖር ይችላል። ወላጆች እንዲህ ላለ ጥያቄ «አይወድቅም፣ አትፍራ» ብለው እንዲያልፉ አልመክርም፤ ልጁ ውሎ አድሮ እውነቱን ይሰማል፣ ያን ጊዜ በሌላውም ነገር አያምነንም። የምመክረው የሆነውን በዕድሜው ልክ እንድትነግሩት ነው። አውሮፕላኑ አፍንጫው ከሚመጣው አየር አንጻር ምን ያህል ቀና እንዳለ የሚለካ መሣሪያ አለው፤ ያ መሣሪያ ተበላሽቶ የተሳሳተ ቁጥር ላከ፤ በአውሮፕላኑ ላይ የተገጠመው የኮምፒውተር ሥርዓት ደግሞ በአንድ መሣሪያ ብቻ እንዲያምን ተደርጎ የተነደፈ ስለነበር ሁለተኛውን ሳይጠይቅ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ደፋው። ከዚያ አራት ወር ተኩል ያህል ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያም በተመሳሳይ ምክንያት 189 ሰዎች ሞተው ነበር። ከአዲስ አበባው አደጋ በኋላ የዚያ ዓይነት አውሮፕላኖች በመላው ዓለም ከበረራ ታገዱ፤ ወደ በረራ የተመለሱትም ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ቆይተው፣ ሥርዓቱ ሁለቱንም መሣሪያዎች እንዲያነጻጽር ተደርጎ ከታረመ በኋላ ነው። ልጁ ከዚህ የሚረዳው የሰው ሥራ ሊሳሳት እንደሚችል፣ ስህተቱም ተፈልጎ እስኪገኝና እስኪታረም ድረስ ሌላ ሰው መሳፈር እንደሌለበት ነው። ሁለተኛ ሰው መርምሮ ይፈርማል ያልኩትን ልጁ በዚህ ጊዜ ይበልጥ ይረዳዋል።

አሁን ደግሞ ሙዚየምና የዕይታ ስፍራ ለምታስተዳድሩ፣ ወይም ወደፊት ለምትሠሩ ጥቂት ቃል አለኝ። የማብራሪያ ሰሌዳው በልጅ ዓይን ከፍታ ይሰቀል፤ አማርኛውም አንድ ልጅ ጮክ ብሎ ለአያቱ ሊያነበው የሚችል ይሁን። በየአውሮፕላኑ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ይኑር፤ አያት ከተቀመጡ ቤተሰቡ ይቆያል፣ ቤተሰቡ ከቆየም ልጁ ያያል። በሰሌዳው ላይ ከአብራሪውና ከባለሥልጣኑ ስም ጎን የሠሩትና የጠገኑት ሰዎች ስም ይጻፍ። የድሮ የጥገና መዝገቦች ፊርማ ያለባቸው ናቸው፤ ስሞቹ ከዚያ ሊወጡ ይችላሉ፤ የእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ደግሞ በዚህችው ከተማ ይኖራሉ፣ የአባታቸውን ስም ሰሌዳ ላይ ቢያገኙ ቤተሰባቸውን ሁሉ ይዘው ይመጣሉ።

«አትንካ» የሚለው ማስታወቂያ ለቅርሱ ደኅንነት አስፈላጊ መሆኑን እቀበላለሁ። ያረጀ ጨርቅ በጣት ይቀደዳል፤ የእጅ ላብም ብረትን ይጎዳል። መፍትሔው ከቅርሱ ፈንጠር ብሎ አንድ ጠንካራ ጠረጴዛ ማኖርና ከአገልግሎት ውጪ የሆኑ የአውሮፕላን ክፍሎችን ለመነካት ብቻ መመደብ ነው፤ አንድ የተቆረጠ የክንፍ ክፍል፣ አንድ የሞተር ሲሊንደር፣ ልጆች ሽቦ የሚያስሩባቸው ሁለት ብሎኖች። ዕሑድ ዕሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከምሳ በኋላ ባሉት ሰዓታት፣ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመው ልጆችን ሴፍቲ ዋየር ሊያስተምሩ ፈቃደኛ የሆኑ በጡረታ ላይ ያሉ የሙያ ጓደኞች አሉኝ፤ ክፍያ አንጠይቅም፣ መቆንጠጫውንና ሽቦውንም እኛው ይዘን እንመጣለን። የሚያስፈልገን ጠረጴዛው የሚቆምበት ቦታና የኃላፊው ፈቃድ ነው፤ ከዚህ ንግግር በኋላ ለመነጋገር የሚፈልግ ካለ በሩ አጠገብ ያገኘኛል።